ሰነዶቻችንን ማን ያንብብ? ማንስ ይለውጥ?

(በመጠለያው ትምህርት ቤት ለወላጆችና ለሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ለእኛ ለስደተኞች ወረቀት ትልቅ ነገር ነው። በልደት ቀን ወይም በአባት ስም ላይ አንድ ፊደል ቢዛባ ለማስተካከል ወራት ይፈጃል። ከአገር የወጣንበት ምክንያት የተጻፈበት ገጽ ባልተገባ እጅ ቢወድቅ ደግሞ ጉዳቱ አገር ቤት ለቀሩት ዘመዶቻችን ይተርፋል። ስለዚህ መዝገቦቻችን ወደ ኮምፒዩተር ሲገቡ፣ ማን ያነባል? ማን ይለውጣል? ብለን መጠየቅ መብታችን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1992 ፌራዮሎና ኩን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ባለሙያዎች ለዚህ የሚሆን አሠራር በጽሑፍ አቀረቡ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ፈቃድ ለሰውየው ሳይሆን ለሥራ ድርሻው ይሰጣል። ሰውየው ድርሻውን ሲይዝ ፈቃዱን ያገኛል፤ ድርሻውን ሲለቅ ፈቃዱም ይቀራል።

ለምሳሌ አልፍሬስኮ በተባለው የሰነድ ማደራጃ ፕሮግራም ውስጥ አንዱ ድርሻ ማንበብ ብቻ ያስችላል። ሌላው ያለውን ሰነድ ማረም፣ ሦስተኛው አዲስ መጨመር፣ አራተኛው ሁለቱንም ይፈቅዳል። አምስተኛው ሙሉ ሥልጣን አለው።

ይህን ወደ ትምህርት ቤታችን እናምጣው። መምህሩ የራሱን ክፍል ውጤት ይሞላል። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ የተማሪውን ሰነድ ታስገባለች። ርዕሰ መምህሩ አይቶ ያጸድቃል። ውጤት የሚሞላውና የሚያጸድቀው አንድ ሰው እንዳይሆን እንጠንቀቅ። አንድ ሰው ሁለት ድርሻ ከያዘ የሁለቱም ፈቃድ ይደመርለታልና።

በመጠለያ ሠራተኛ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። ዛሬ አብሮን ያስተማረ ነገ ወደ ሦስተኛ አገር ይሄዳል። ስሙ በዚያው ቀን ከድርሻው ካልተሰረዘ፣ የይለፍ ቃሉን የያዘ ሁሉ ከየትም ሆኖ ሊገባ ይችላል።

ስለዚህ ሦስት ነገር አደራ እንላለን።

1ኛ/ እያንዳንዱ ሠራተኛ በራሱ ስምና በራሱ የይለፍ ቃል ይግባ። በአንድ ቃል ሁሉም ከተጠቀመ ስሕተት የሠራውን መለየት አይቻልም።

2ኛ/ ለማንም ከሥራው በላይ ፈቃድ አይሰጥ።

3ኛ/ ሙሉ ሥልጣን ያላቸው ሁለት ሰዎች ይሁኑ። አንድ ብቻ ከሆነ እሱ ሲሄድ ቁልፉም አብሮት ይሄዳል፤ ሲበዙ ደግሞ ጥበቃው ይላላል።

ወላጆችም የልጃችሁን መዝገብ ማን እንደሚያየው ከመጠየቅ አትቆጠቡ። ነገርን ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።