ጥራዝ ነጣቂ እንዳንሆን
(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



እኛ የሐይቅና የአምባሰል ልጆች የብራና መጽሐፍ ከብዙ ጥራዝ ተሰፍቶ አንድ እንደሚሆን እናውቃለን። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ1273 ዓ.ም. ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያበረከቱት ወንጌል ለዚህ ምስክር ነው።

የኮምፒውተር ፕሮግራምም እንዲሁ በጥራዝ ይከፈላል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 በተጀመረው፣ ኦኤስጂአይ በተባለው የጃቫ ሥርዓት እያንዳንዱ ጥራዝ ከሌላው የሚፈልገውንና ለሌላው የሚሰጠውን በዝርዝር ይዞ ይገኛል። እያንዳንዱም ጥራዝ ለብቻው ይጫናል፤ ለብቻው ሥራ ይጀምራል፤ ለብቻው ይራገፋል። የግድ የሚፈልገው ከሌለ ግን ሥራ አይጀምርም።

አምና እኛ በኮምፒውተር ክፍላችን ቦታ ለማስለቀቅ ብለን ጥቅሙን ያላወቅነውን አንድ ክፍል ሰረዝን። የእኛ ፕሮግራም ደኅና ሠራ፤ የታናናሾቻችን መለማመጃ ግን አልከፈት አለ። አፍረን ሁለት ቀን ዝም አልን፤ እነርሱም ሁለት ቀን ያለ ትምህርት ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ጥፋታችንን ለመምህራችን ነግረን መልሰን ጫንነው።

አባቶቻችን ሳይጨርስ ዐወቅሁ ባዩን «ጥራዝ ነጠቅ» ይሉታል። ስለዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ ከመሰረዛችሁ በፊት ዝርዝሩን አንብቡ። ለእኛ ትርፍ የመሰለን ጥራዝ ለሌላው መጽሐፉ ነውና።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክልን።