ሞክሼ ጥቅሎችና የሚጠፉ ደብዳቤዎች
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገርበት ጉዳይ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ይኸውም ሁለት የተለያዩ የደብዳቤ ጥቅሎች አንድ ስም ይዘው ወደ አንድ ኮምፒዩተር ሲገቡ የሚደርሰው ነገር ነው። በአገራችን ሁለት ሰዎች በስም ቢገጥሙ «ሞክሼ» ተባብለው ይሳሳቃሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አያጠፋም። ሞክሼ ፋይሎች ግን በአንድ ማኅደር አብረው መኖር አይችሉም፤ ጥንቃቄ ካልተደረገ ሁለተኛው ሲገባ የመጀመሪያው ይደመሰሳል። ክፋቱም ላኪው «ልኬአለሁ» ብሎ መተኛቱ፤ ተቀባዩም መምጣቱን ያላወቀውን ደብዳቤ አለመጠየቁ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ፊዶኔት ነው። ቶም ጄኒንግስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1984 በሳን ፍራንሲስኮ የጀመረው ይህ መረብ፤ ኮምፒዩተሮች በሌሊት በቴሌፎን እየተደዋወሉ ደብዳቤ የሚቀባበሉበት ነበር። ለእኛም ፈጽሞ ባዕድ አይደለም፤ ኢንተርኔት አገራችን ከመግባቱ በፊት፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፤ በአዲስ አበባ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ በዚሁ ዘዴ የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ያቀባብል ነበር። የውጭ አገር ቴሌፎን በደቂቃ ስለሚያስከፍል ደብዳቤው አንድ በአንድ አይሄድም፤ ብዙው ተጠቅልሎና ተጨምቆ በአንድ ፋይል ይላካል።

እንግዲህ ለዚህ ጥቅል ምን ስም ይውጣለት? በዘመኑ ኤምኤስ-ዶስ የሚፈቅደው ከነጥቡ በፊት 8፤ ከነጥቡ በኋላ 3 ፊደል ብቻ ነበር። በመቶ የሚቆጠሩ ጣቢያዎች ሳይመካከሩ በዚህች ጠባብ ቦታ የተለያየ ስም እንዲያወጡ የተገኘው ዘዴ፤ እውነቱን እንናገርና፤ እጅግ ብልህ ነው። እያንዳንዱ ጣቢያ የመረብ ቁጥርና የጣቢያ ቁጥር አለው። ከላኪው ቁጥሮች የተቀባዩ ቁጥሮች ይቀነሱና ልዩነቱ በአሥራ ስድስት መሠረት ይጻፋል። ከ130/45 ወደ 104/20 የሚላክ ጥቅል ብንወስድ፤ 26 እና 25 ይቀራሉ፤ ስሙም 001ኤ0019 ይሆናል። ከነጥቡ በኋላ የዕለቱ ስም ሁለት ፊደልና አንድ ተራ ቁጥር ይከተላሉ። ስለዚህ ለአንድ ተቀባይ የሚልኩ ሁለት ጣቢያዎች ቁጥራቸው እስከተለያየ ድረስ ስማቸው አይገጥምም።

ዳሩ ግን መረቡ እያደገ ሲሄድ በስሙ ውስጥ ያልተጻፈው ነገር በዛ። ዓለም በዞን ተከፈለች፤ ሰሜን አሜሪካ 1፤ አውሮፓ 2፤ አፍሪካ 5 ሆኑ። የዞኑ ቁጥር ግን በጥቅሉ ስም ውስጥ ቦታ የለውም። ከዚያም በአንድ ጣቢያ ሥር «ነጥብ» የሚባሉ ንኡሳን ተጠቃሚዎች ተጨመሩ። የነጥቡን ቁጥር የማይጨምር ፕሮግራም ሲሰላ ልዩነቱ ባዶ በባዶ ይወጣል፤ በዚህም ምክንያት አሥር ነጥቦች ወደ አለቃ ጣቢያቸው አሥር ጥቅል ቢልኩ ሁሉም 00000000 ተብለው ይመጣሉ! አበበ ከበደ የሚባሉ ሦስት ተማሪዎች በአንድ ክፍል ሲገኙ መዝገብ ቤቱ የአያት ስም የሚጠይቀው ለዚሁ ነው።

ሌላው ችግር ከአንዱ ላኪ ራሱ የሚመጣ ነው። ዛሬ ሰኞ የላከውን ጥቅል ከራሱ ዘንድ ቢሰርዝና ከሰዓት በኋላ አዲስ ቢሠራ፤ ተራ ቁጥሩ እንደገና ከ0 ይጀምርና ያው ስም ይወጣል። ተቀባዩ የመጀመሪያውን ገና ካልፈታ ጉድ ይፈላል። ዜድሞደም የተባለው የማስተላለፊያ ደንብ የተቋረጠን ፋይል ካቆመበት ይቀጥላል፤ አዲሱን ጥቅል የአሮጌው ቀሪ ነው ብሎ ቢቀጥለው የሚገኘው ሊፈታ የማይችል ድብልቅ ነው። ለዚህ የተገኘው መድኃኒት ያስደስተናል። ላኪው ጥቅሉን አይሰርዝም፤ ውስጡን ባዶ አድርጎ ስሙን ብቻ ያስቀምጠዋል። ቀጣዩ ጥቅል ስሙ መያዙን አይቶ 1 ይባላል።

አንዳንዶች ግጭቱ እምብዛም አይደርስምና ይህን ያህል መጨነቅ አያስፈልግም ይላሉ። እኛ አንስማማም። ዘወትር የሚደርስ ጥፋት ቶሎ ይታያል፤ ቶሎም ይታረማል። በዓመት አንዴ የሚደርሰው ግን የማን ደብዳቤ እንደጠፋ እንኳ ሳይታወቅ ያልፋል። ደግሞም ጥንቃቄው በላኪው ላይ ብቻ መጣሉ ትክክል አይመስለንም፤ የመጣውን ሁሉ የሚያየው ተቀባዩ ብቻ ነውና። ስሙ ተይዞ ካገኘው ለአዲሱ ሌላ ስም ያውጣ፤ በአሮጌው ላይ ፈጽሞ አይጻፍ። በኋላ የመጣው ቢንክፒ የተባለው ደንብ ከስሙ ጋር የፋይሉን መጠንና ሰዓቱን ያስታውቃል፤ ተቀባዩም «ደርሶኛል» ብሎ ካልመለሰ ላኪው ፋይሉን አይለቅም። ስም ብቻውን የማይችለውን ሦስቱ አብረው ይችላሉ።

ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። ለዚህ ጋዜጣ ከየትምህርት ክፍሉ በፍላሽ ከሚመጡልን ጽሑፎች ብዙዎቹ ስማቸው «ጽሑፍ» ወይም «የመጨረሻ» ነው። ስለዚህ ከሚቀጥለው እትም ጀምሮ ጸሐፊው የራሱን፤ የአባቱንና የአያቱን ስም ከነቀኑ በፋይሉ ስም ላይ እንዲጽፍ እንለምናለን። የዝግጅት ክፍሉ ደግሞ የደረሰውን ሁሉ በመዝገብ ቁጥር ይቀበላል፤ ቁጥሩንም ለጸሐፊው በዕለቱ ይመልሳል። ቁጥር ያልደረሰው ጸሐፊ ጽሑፉ አልደረሰንምና ቅጂውን ሳይሰርዝ ወደ ቢሮአችን ይምጣ።