አጎበሩ ቤት፣ ገበሬው ማማ ላይ

ታደሰ፦ አምቦ ከተማ ስለ ወባ ብዙ አይወራም። ወደ ባኮ ሲወረድ ግን ነገሩ ይለወጣል።

ጫልቱ፦ ከፍታው ነዋ! አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ፣ ባኮ 1,650 ገደማ። የአገራችን ወባ በብዛት ከ2,000 ሜትር በታች ነው።

ታደሰ፦ ባኮ ደግሞ የበቆሎ አገር ናት።

ጫልቱ፦ እሱን ልልህ ነበር። በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ እዚሁ ኢትዮጵያ የተሠራ ጥናት አለ። የበቆሎ አበባ ብናኝ ኩሬ ላይ ሲወድቅ የወባ ትንኝ እጭ ይበላዋል፤ ቶሎ ያድጋል፣ ትንኟም ትልቅ ሆና ትወጣለች።

ታደሰ፦ ገበሬው ደግሞ በቆሎውን ከአሳማና ከጃርት ሲጠብቅ ማማ ላይ ያድራል። አጎበሩ ግን ቤት ነው!

ጫልቱ፦ ማማ ላይስ ማን ከለከለው? አጎበሩን ለመወጠር አራት እንጨት ይበቃል። ሳይጨልም ረጅም እጅጌ፣ ሱሪና ካልሲ ይለበስ።

ታደሰ፦ የወይራ ጭስስ?

ጫልቱ፦ ለጊዜው ያግዛል። ነፋሱ ሲዞር ግን የሚባረረው ጠባቂው ነው! የሚቀባ መከላከያ ያገኘ ይቀባ።

ታደሰ፦ ቀን ቀን በሬውንም አራሹንም የሚነክሰው ዝንብስ?

ጫልቱ፦ ጠቆር ያለ ልብስ ይስበዋል፤ ነጣ ያለው ይሻላል።

ታደሰ፦ አድማጮቻችን፣ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካላችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ኬላ ሂዱና ተመርመሩ።