ጉድጓድ ያስቆፈረ ሰው ዕዳ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በእንዲህ ያለ በዓል ተማሪ የሚናገረው ስለ ትምህርት ጥቅም ነው። እኔ ግን በፈቃዳችሁ ጧትና ማታ ስለምንጠጣው ውኃ፣ ይልቁንም በየግቢያችን ስላለው የግል ጉድጓድ ጥቂት ቃል ለመናገር እወዳለሁ።

የቆቦ ሜዳ በምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ የወሎ ደጋ ያጠሩት ቆላ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ ለብዙ ዘመን አፈርና ጠጠር እያመጣ ሜዳውን ሞልቶታል። ዝናባችን አጭር ቢሆንም በዚህ አሸዋና ጠጠር መካከል ብዙ ውኃ ተጠራቅሟል። የቆቦ ጊራና ሸለቆ የመስኖ ጉድጓዶች የሚስቡትም ይህንኑ ውኃ ነው። ስለዚህ አቅም ያለው ሰው በግቢው ያስቆፍራል፤ ሞተር ይተክላል፤ ጎረቤቱም በጀሪካን ይቀዳል። ነገር ግን ውኃን የሚያሳልፍ ጠጠር እድፍንም እንደሚያሳልፍ ብዙ ጊዜ እንዘነጋለን።

በእኛም ግቢ እንዲህ ያለ ጉድጓድ አለ። አባቴ ነገሩን እንድናገር ፈቅዶልኛል፤ አሁንም ከእናንተ መካከል ተቀምጦ ይሰማኛል። ባለፈው ክረምት ጎርፍ ግቢያችንን ባጥለቀለቀ ሰሞን ታናሽ እኅቴና የጎረቤት ልጆች በተቅማጥ ታመሙ። እኔም ከሽንት ቤታችን እስከ ጉድጓዱ ያለውን ርቀት በገመድ ብለካ 11 ሜትር ብቻ ሆነ። የተለመደው ምክር ግን ሽንት ቤት ከጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር እንዲርቅና ከጉድጓዱ በታች በኩል እንዲሆን ነው። ውኃው ይመርመር ብዬ ብጠይቅ አባቴ ተቆጣ። «ይህን ያህል ዓመት የጠጣነው፣ እንደ መስታወት የጠራ ውኃ ዛሬ ምን ሆነ ትላለህ? የቤታችንን ስም ልታጠፋ ነውን?» አለኝ።

የጠራ ሁሉ ግን ንጹሕ አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1854 ዓ.ም. በለንደን ከተማ ኮሌራ በገባ ጊዜ ዶክተር ጆን ስኖው የሞቱትን ሰዎች ቤት በካርታ እያመለከተ ቢመረምር፣ በሽታው በብሮድ ጎዳና ካለው የውኃ ጉድጓድ መምጣቱን አስረዳ። ያን ውኃ ጣዕሙን ወድደው ከሩቅ የሚያስመጡ ሰዎች ነበሩ። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለካ በወንዝ ብቻ አይደለም!

ከብዙ ልመና በኋላ አባቴ ፈቀደና አንድ የጤና ባለሙያ ናሙና ወሰደ። የአገራችን የመጠጥ ውኃ ደረጃም ሆነ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የሚያዘው በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ ውስጥ ኢ. ኮላይ የሚባለው፣ ከሰውና ከከብት ዓይነ ምድር የሚመጣው ጀርም አንድም እንዳይገኝ ነው። በእኛ ውኃ ውስጥ ግን ተገኘ።

አባቴ ያን ሌሊት አልተኛም። ሲነጋ የግቢውን በር ዘጋና በየጎረቤቱ ደጅ እየዞረ «ውኃዬ ታምሟልና አትቅዱ» ሲል ራሱ ነገራቸው። ከዚያ በኋላ ሽንት ቤቱን ከጉድጓዱ በታች በኩል ወደ ግቢው ዳር አዛወረ፤ የጉድጓዱን አፍ ከመሬት ከፍ አድርጎ በሲሚንቶ አሠራ፤ ክዳን አበጀለት፤ ጎርፍ የሚያልፍበት ቦይ ቆፈረ፤ ውኃውንም በክሎሪን አከመ። ሁለተኛው ምርመራ ንጹሕ እስኪሆን ድረስ ለማንም አላስቀዳም። ዛሬ በበራችን ላይ አንድ ደብተር ተንጠልጥሏል፤ ምርመራው መቼ እንደተደረገ፣ ክሎሪን መቼ እንደተጨመረ ይጻፍበታል። አንድ ቀን ክሎሪን ባለቀብን ጊዜ አባቴ «ዛሬ የለም» ብሎ ጻፈ፤ ሰውም አፍልቶ ጠጣ።

ይህ ደብተር እንደ ቀላል ነገር አይታይ። በካናዳ አገር ዎከርተን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በግንቦት 2000 ዓ.ም. ከባድ ዝናብ የከብት ፍግ አጥቦ ጥልቀት ወደሌለው ጉድጓድ አስገባ። ውኃውን የሚጠብቁት ሰዎች ክሎሪኑን በየቀኑ ሳይለኩ የለኩ እያስመሰሉ በመዝገብ ይጽፉ ነበር። 7 ሰዎች ሞቱ፤ ከ2,000 የሚበልጡ ታመሙ። በሠለጠነ አገር እንኳ ሐሰተኛ መዝገብ ሰው ይገድላል።

በአገራችን በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ውኃ የኢትዮጵያ ሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ይናገራል፤ በእጅ ለሚቆፈር ጉድጓድም ፈቃድ አይጠይቅም። ይሁን እንጂ ፈቃድ አለመጠየቁ ከኅሊና ዕዳ ነፃ አያወጣንም። በኦሪት ዘጸአት ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው፣ የባልንጀራው በሬ ቢገባበት ዋጋውን እንዲከፍል ታዝዟል። ለበሬ እንዲህ ከሆነ፣ ከጉድጓዳችን ለሚጠጣው የጎረቤት ልጅ ምን ያህል ልንጠነቀቅ ይገባናል?

እንግዲህ ወላጆቼ ሆይ፣ ጉድጓዳችሁን በየጊዜው፣ ይልቁንም ከጎርፍ በኋላ አስመርምሩ። ማፍላት ጀርምን ይገድላል እንጂ ናይትሬትንና ፍሎራይድን አያስወግድም፤ እነዚህ የሚታወቁት በምርመራ ነው። እናንተም ጓደኞቼ፣ ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ከሽንት ቤት እስከ ጉድጓድ ያለውን ርቀት ለኩ። አባቶቻችን ቢቆጡ በትሕትና ደግመን እንጠይቅ። እኔ ጠይቄ የተማርሁት አንድ ነገር ቢኖር፣ የቤት ስም የሚጠፋው እውነቱ ሲነገር ሳይሆን ተሸሽጎ ሰው ሲታመም መሆኑን ነው። አባቴ በሩን በዘጋበት ወራት የቀሩት ጎረቤቶች ዛሬ ሁሉም ተመልሰው ይቀዳሉ።