በዳይም የተገዛው የሥዕል ቤት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆች የተደረገ ንግግር)



የሥዕል ክበቡ አባሎች በዚህ በዓል ላይ ስለ ሥነ ጥበብ ጥቂት ቃል እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ፣ ስለ ሥዕል ውበት ለመናገር አስቤ ነበር። ይሁን እንጂ በአዳራሹ የተሰቀሉትን የተማሪዎች ሥዕሎች ሲመለከቱ ከነበሩት ወላጆች አንዱ፣ «ሥዕሉስ መልካም ነው፤ ግን የቀለሙን፣ የወረቀቱንና የክፍሉን ወጪ ወደ ፊት ማን ይችለዋል?» ሲሉ ሰማኋቸው። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ስለ ውበት የሚናገር ሰው ብዙ ነው፤ ስለ ጣራና ስለ መብራት ሒሳብ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ዛሬ የምነግራችሁ በባሕር ማዶ ያሉ ጥቁር ሕዝቦች በገዛ ገንዘባቸው ስለ ገዙትና እስከ ዛሬ የእነርሱ ስለ ሆነው አንድ የሥዕል ቤት ነው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንደምጠራ አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ቤቱ የሚገኘው በአሜሪካ፣ በቺካጎ ከተማ፣ በደቡብ ሚቺጋን ጎዳና ሲሆን ቁጥሩ 3831 ነው። ስሙም የሳውዝ ሳይድ የሕዝብ ሥነ ጥበብ ማእከል ይባላል። ሳውዝ ሳይድ ማለት የከተማው ደቡባዊ ክፍል ማለት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜና ከዚያም በኋላ ከአሜሪካ ደቡብ ክፍለ ሀገሮች ተነሥተው ሥራና እፎይታ ፍለጋ ወደ ሰሜን የጎረፉት ጥቁር አሜሪካውያን የሰፈሩት በዚህ አካባቢ ነበር። የሰፈሩትም ወደው ብቻ አይደለም። በቀሩት ሰፈሮች ያሉ ባለ ርስቶች ቤታቸውን ለጥቁር ላለመሸጥና ላለማከራየት ውል ተፈራርመው ስለ ነበር ነው። እንዲህ ያለውን ውል ፍርድ ቤቶች ሊያስፈጽሙት እንደማይገባ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው በ1948 ነው። እንግዲህ በ1940 በቺካጎ የሚኖር ጥቁር ሕዝብ የራሱን ቤት ገዝቶ በሩ ላይ «የሥነ ጥበብ ማእከል» ብሎ ሲጽፍ፣ ነገሩ ግድግዳ ከመግዛት ያለፈ መሆኑን አስተውሉ።

(በነገራችን ላይ፣ በ1935 በተጀመረው ጦርነት ጊዜ የኢትዮጵያን አየር ኃይል የመራው አብራሪ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ወደ አገራችን የመጣው ከዚሁ ከቺካጎ ነበር። የሳውዝ ሳይድ ሕዝብም በ1935 የኢጣልያን ወረራ በመቃወም አደባባይ ወጥቷል። ስለዚህ ሰፈሩ ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም።)

የማእከሉ አመሠራረት እንደሚከተለው ነበር። በዚያ ዘመን አሜሪካን ታላቅ የኢኮኖሚ ድቀት መትቷት ስለ ነበር፣ መንግሥቱ ሥራ ላጡ ሠዓሊዎች ደመወዝ የሚከፍል አንድ መርሐ ግብር በ1935 አቋቋመ። በዚህም መርሐ ግብር ከ100 በላይ የሕዝብ የሥዕል ማእከሎች በየከተማው ተከፈቱ። ደንቡ ግን ብልሃት ያለበት ነበር። መንግሥት የመምህራኑንና የሠራተኞቹን ደመወዝ ይከፍላል፤ ቤቱን ግን የአገሩ ሰው ራሱ ማግኘት አለበት።

የሳውዝ ሳይድ ሰዎች ሀብታሞች አልነበሩም። ስለዚህ «የዳይም ማይል» የተባለ መዋጮ ጀመሩ። ዳይም ማለት የ10 ሳንቲም ዋጋ ያላት፣ ከአሜሪካ ገንዘቦች ሁሉ በመጠን ያነሰች ትንሽ ሳንቲም ናት። ወርዷ 18 ሚሊሜትር ያህል ነው። ሒሳብ የምትወዱ ተማሪዎች በኋላ ልትሠሩት ትችላላችሁ፤ ዳይም ከዳይም ጎን እየተደረደረ አንድ ማይል፣ ማለት 1,609 ሜትር እንዲሞላ 90,000 ገደማ ሳንቲም ያስፈልጋል፤ ይኸውም 9,000 ዶላር ገደማ ይሆናል። ያን ጊዜ ገና ወጣት የነበሩት ሠዓሊት ወይዘሮ ማርጋሬት ቡሮውስ ቆርቆሮ ይዘው በመንገድ ማእዘን ላይ ቆመው ከአላፊ አግዳሚው ዳይም ይለምኑ ነበር። በእኛም አገር «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል።

ከዳይሙም ሌላ ከ1939 ጀምሮ የሠዓሊዎችና የሞዴሎች ዳንስ ግብዣ የሚባል በየዓመቱ ይደረግ ነበር። ይህንን ያዘጋጁት በተለይ የሰፈሩ ሴቶች ናቸው። እኔ እንደሚመስለኝ የማእከሉ ታሪክ ሲጻፍ የሠዓሊዎቹ ስም በጉልህ ይቀመጥና ቲኬት የሸጡት፣ አዳራሽ ያስጌጡት፣ ሒሳብ የያዙት ሴቶች በአንድ መሥመር ይታለፋሉ። ያለ እነርሱ ግን ቤቱ አይገዛም ነበር።

የተገዛው ቤት በ1893 ለአንድ ባለጸጋ የእህል ነጋዴ የተሠራ ነበር። እድሳቱ ሲፈጸም ማእከሉ በ1940 መጨረሻ ሥራ ጀመረ፤ በግንቦት 1941 ደግሞ የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ወይዘሮ ኤሌኖር ሩዝቬልት ተገኝተው መረቁት። በውስጡ የሥዕል ማሳያ አዳራሽ፣ የመማሪያ ክፍሎች፣ በምድር ቤቱም የፎቶግራፍ ማጠቢያ ጨለማ ክፍል ነበረው። በዚያ ጨለማ ክፍል ፎቶግራፉን ያጥብ የነበረ ጎርደን ፓርክስ የሚባል ወጣት ኋላ በዓለም የታወቀ ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ። በ1941 በዚሁ ቤት በተከፈተው የግጥም ክፍል ከተማሩት አንዷ ጉዌንዶሊን ብሩክስ ነበሩ፤ እርሳቸውም በ1950 የፑሊትዘርን ሽልማት ከጥቁር አሜሪካውያን የመጀመሪያዋ ሆነው ተቀበሉ። ልብ በሉ፤ የሥዕል ቤት ተብሎ በተከፈተ ቤት ውስጥ ባለ ቅኔም ወጣ። በር ሲከፈት ማን እንደሚገባ አስቀድሞ አይታወቅም።

አሁን ወደ ወላጁ ጥያቄ እመለሳለሁ። በጦርነቱ ምክንያት የመንግሥቱ መርሐ ግብር በ1943 ተዘጋ፤ ደመወዙም ቆመ። ከ100ዎቹ ማእከሎች አብዛኞቹ አብረው ጠፉ። በኒውዮርክ፣ በሐርለም፣ በቀራጺዋ በኦገስታ ሳቬጅ መሪነት በ1937 የተከፈተው ማእከል ዝናው ከቺካጎው ቢበልጥ እንጂ አያንስም ነበር፤ ነገር ግን ሕይወቱ የተንጠለጠለው በመንግሥት ገንዘብ ላይ ስለ ነበር በ1942 ተዘጋ። የመምህራኑ ችሎታ ወይም የተማሪዎቹ ትጋት አንሶ አይደለም። የቺካጎው ግን ደመወዝ ቢቆምበትም ቤቱ የራሱ ነበርና ማንም «ውጡ» ሊለው አልቻለም።

«ውጡ» አለመባል ግን በቂ አይደለም። የቺካጎ ክረምት ብርቱ ነው፤ ያልሞቀ ክፍል ውስጥ እርሳስ የሚጨብጥ ጣት የለም። የማሞቂያ፣ የጣራ፣ የግብር፣ የመብራት ወጪ በየጊዜው ይመጣል። ይህን የሚሸከሙት አባሎቹ በመዋጮአቸው፣ ያ የዳንስ ግብዣ፣ ሥዕላቸውን ለጨረታ የሚሰጡ ሠዓሊዎችና ያለ ደመወዝ የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። ጠብም አልጠፋም። ገንዘብ የሚያሰባስቡት የሰፈሩ የተከበሩ ሰዎች ቤቱ ጨዋ እንግዳ የሚቀበልበት እንዲሆን ይወዳሉ፤ ልብሳቸው ቀለም የነካው ሠዓሊዎች ደግሞ የሥራ ቤት እንዲሆን ይወዳሉ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ በአሜሪካ ሰው ሁሉ በኮሚኒስትነት በሚጠረጠርበት ጊዜ፣ አንዳንድ ሠዓሊዎች ከቤቱ እስከ መራቅ ደርሰዋል፤ ከእነዚህም አንዷ በቆርቆሮ ዳይም የለመኑት ወይዘሮ ቡሮውስ ነበሩ። እኔ በዚህ ክርክር የማደላው ለሠዓሊዎቹ ነው። ሆኖም ማሞቂያውን የከፈለውም ሰው የሚናገረው ነገር እንዳለው አልክድም።

ወይዘሮ ቡሮውስ ግን ሥራቸውን አልተዉም። ከ1946 ጀምሮ ከ20 ዓመት በላይ እዚያው ቺካጎ በዱሳብል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥዕል ያስተማሩ መምህርት ነበሩና፣ እኛን መምህራንን ይህ ደስ ሊያሰኘን ይገባል። በ1961 ደግሞ ከማእከሉ ፊት ለፊት በሚገኘው በገዛ መኖሪያ ቤታቸው የጥቁር ሕዝቦች ታሪክ ሙዚየም ከባለቤታቸው ጋራ ከፈቱ። ሙዚየሙ ኋላ ወደ ሰፊ ሕንፃ ተዛውሮ አሁን በከተማው የታወቀ ነው። እርሳቸው በ2010 ዐርፈዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ወይዘሮ ቡሮውስ በ1948 የማስተርስ ዲግሪያቸውን ያገኙት ከቺካጎ የሥነ ጥበብ ኢንስቲትዩት ትምህርት ቤት ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያው ትምህርት ቤት ገብተው በ1954 የተመረቁት የእኛው ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ናቸው። ወደ አገራቸው ተመልሰው በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን መሠረቱ፤ ትምህርት ቤቱም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ሁለቱ ይተዋወቁ እንደ ሆነ ለመናገር አልነሣም። ከአንድ ትምህርት ቤት የወጡ ሁለት ሰዎች በሁለት አገር ለሌሎች በር መክፈታቸውን ግን ሳልጠቅስ ማለፍ አልወደድሁም።

ማእከሉን የቺካጎ ከተማ በ1994 በቅርስነት መዘገበው፤ በ2018ም በአገሪቱ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ገባ። ክብሩ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ቅርስ የተባለ ቤት እንደ ፈለጉ አይፈርስም፣ አይለወጥም፤ ስለዚህ ጥገናው ከተራ ቤት ጥገና የበለጠ ገንዘብና ጥንቃቄ ይጠይቃል። መዋጮው እንግዲህ በ1940 አላበቃም ማለት ነው።

የክበባችን አባሎች በየወሩ ከየኪሳቸው ለማዋጣት የያዙትን አሳብ ለወላጆች ያቀረቡት ገንዘብ ለመለመን ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሒሳቡን በመዝገብ ይይዛሉ፤ መዝገቡም በክፍሉ በር አጠገብ ተቀምጦ ማንም ሊያየው ይችላል። ክፍሉን በተመለከተ የርእሰ መምህሩን ፈቃድ እንጠባበቃለን።

የቺካጎው ማእከል የሥዕል ማሳያ አዳራሽ ግድግዳው በእንጨት የተለበጠ ነው። ሠዓሊዎች ሥዕላቸውን ሲሰቅሉና ሲያወርዱ ብዙ ዓመት ስላለፈ እንጨቱ በምስማር ቀዳዳ ተበሳስቷል። ቀዳዳዎቹን አልደፈኗቸውም፤ ጎብኚ ሁሉ ያያቸዋል።