አቀንጭራ በብርጭቆ ውስጥ

ደብተራችሁን ዘርጉ፤ እርሳሳችሁን ያዙ። የዛሬው ቃላችን አምስት ፊደል አለው። አ - ቀ - ን - ጭ - ራ። አቀንጭራ።

ማሽላ የሚያመርት ገበሬ ይህን አረም ያውቀዋል። አበባው ሐምራዊ ነው፤ ያምራል። ሥራው ግን የሌባ ነው። ሥሩን ከማሽላው ሥር ጋር ያጣብቅና ውሃውንና ምግቡን ይመጣል። ከመሬት ብቅ ሲል ብዙውን ጉዳት አድርሷል።

«ታዲያ እንዲህ ያለውን ጠላት ሆን ብሎ የሚያሳድግ ሰው አለ ወይ?» ትሉ ይሆናል። አዎን፣ አለ። ተመራማሪዎች በላቦራቶሪ ያሳድጉታል። ጠባዩን ሳያውቁ ማጥፋት አይቻልማ!

እንዴት ያሳድጉታል? ዘሩ እንደ አቧራ ደቃቅ ነው። ሻጋታ እንዳያበላሸው በበረኪና ያጥቡታል። ከዚያ በኋላ ውሃ፣ ስኳርና ማዕድን ቀላቅለው ምግብ ያዘጋጁለታል። ከባሕር ተክል የሚገኝ አጋር የሚባል ነገርም ይጨምራሉ። ምግቡ ሲቀዘቅዝ እንደ አጥንት መረቅ ይረጋል። ዘሩን፣ ወይም ከተክሉ የተቆረጠ ትንሽ ክፋይ፣ በላዩ ያኖሩና ብርጭቆውን ይከድናሉ። ከትንሽ ክፋይ ተክል የማሳደግ ዘዴ ቲሹ ካልቸር ይባላል።

ዘሩ ግን ዝም ብሎ አይበቅልም። መጀመሪያ ለቀናት በእርጥበት ይቆያል። ቀጥሎ ከማሽላ ሥር የሚወጣው ንጥረ ነገር ሲደርሰው ይነቃል። ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ለምን ቢባል፣ ሥሩ ንጥረ ነገሩን እምብዛም የማያወጣ ማሽላ ከተገኘ፣ አቀንጭራው ተኝቶ ይቀራላ!

ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታና የሥራ ጓደኞቻቸው ማሽላንና የአቀንጭራን ዘር በረጋ አጋር ውስጥ አብረው እያበቀሉ እንዲህ ያለውን ማሽላ ለዩ። ጎብዬና አብሽር የተባሉት አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዝርያዎች የዚህ ሥራ ፍሬ ናቸው። ፕሮፌሰር ገቢሳ በ2009 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ።

አደራ! ይህን ሙከራ በቤታችሁ አትሞክሩት። አንድ አቀንጭራ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ይሰጣል። ዘሩም በአፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ተመራማሪዎቹም ሥራቸውን ሲጨርሱ ብርጭቆውን ከነተክሉ በኃይለኛ እንፋሎት ይቀቅሉታል።

የእኛስ ድርሻ ምንድን ነው? አቀንጭራን ሳያብብ ነቅለን እናቃጥል። በማሽላ ላይ ማሽላ አንዝራ። ጥጥ በሚበቅልበት አገር ጥጥ እናፈራርቅ። የጥጥ ሥር ዘሩን ይቀሰቅሰዋል፤ ነገር ግን አያበላውም፤ ዘሩም ይሞታል።

ዘር ስትገዙም በከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ስም ራሳችሁ አንብቡ። ትናንት ሌላ ሰው ያነብላችሁ ነበር። ዛሬ ዓይናችሁ በርቷል።

ጥያቄ፦
1. አቀንጭራ መቼ ይነቀላል?
2. ዘሩን የሚቀሰቅሰው ምንድን ነው?

መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ።