በቅጹ ላይ የቀረው ስም፦ ከፍቺ በኋላ የሕይወት መድን ተጠቃሚነት



የዛሬው ጥያቄዬ አጭር ነው። አንድ ሰው የሕይወት መድን ሲገባ ሚስቱን በተጠቃሚነት አስመዘገበ፤ ከዚያም ተፋቱ፤ ስሟን ሳይለውጥ ሞተ። ገንዘቡ የማን ነው?

በምሳሌ እንየው። ዳባት የሚኖር አንድ ሠራተኛ እናስብ። መሥሪያ ቤቱ ለሠራተኞቹ የቡድን የሕይወት መድን ገዝቷል። ሰውየው በተቀጠረበት ሳምንት በተሰጠው ቅጽ ላይ የሚስቱን ስም ጻፈ። ከዓመታት በኋላ ሲፋቱ ቤቱም ከብቱም ተቆጥሮ ተካፈሉ፤ ቅጹን ግን ያስታወሰ አልነበረም። ሌላ አግብቶ ወለደና ሞተ። አንደኛዋ ሴት በቅጹ ላይ ያለውን ስሟን፣ ሁለተኛዋ የጋብቻ ምስክር ወረቀቷንና የልጆቹን የወራሽነት ማስረጃ ይዘው እዚህ ፒያሳ ወደ መድን ድርጅቱ ቅርንጫፍ መጡ እንበል።

መነሻችን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 827 ነው። ሟቹ ተጠቃሚውን ሳይወስን ከቀረ፣ ወይም ያለ ሌላ ማመልከቻ «ለወራሾቼ» ካለ፣ የመድኑ ገንዘብ የውርስ ሀብት ይሆናል። በሌላ ሁኔታ ግን ከውርሱ ውጭ ነው። እንግዲህ በስም የተጠቀሰችው ሴት የምትጠይቀው በወራሽነት ሳይሆን በውሉ ነው፤ የልጆቹ የወራሽነት ማስረጃም ብቻውን አይረታትም።

ተማሪዎቼ በዚህ ጊዜ ወደ ኑዛዜ ምዕራፍ ይሄዳሉ። በእርግጥም ለትዳር ጓደኛ የተደረገ ኑዛዜ ጋብቻው በፍቺ ሲፈርስ ቀሪ ይሆናል። ይህን ደንብ በማመሳሰል ወደ መድን ማምጣት ግን ተገቢ አይመስለኝም። አንደኛ፣ ኑዛዜ የአንድ ሰው ቃል ሲሆን መድን ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የሚደረግ ውል ነው። ከቁጥር 1957 ጀምሮ ባሉት ድንጋጌዎች መሠረት ሦስተኛው ወገን መቀበሉን እስካላስታወቀ ድረስ ተዋዋዩ ሊሽር ይችላል፤ ነገር ግን የሚሽረው ራሱ ነው። ሁለተኛ፣ ስሙ የቀረው ሁልጊዜ በመርሳት አይደለም። ልጆቹን የምታሳድገው የቀድሞ ሚስቱ ከሆነች፣ አባት ሆን ብሎ ትቶላት ሊሆን ይችላል።

ቅጹ ስም ሳይጠቅስ «ለባለቤቴ» ቢል ኖሮስ? የንግድ ሕጋችንን ያረቀቁት ኤስካራና ዦፍሬ ፈረንሳውያን ነበሩና የፈረንሳይን ሕግ ማየት ይጠቅማል። በዚያ ሕግ እንዲህ ያለው አጻጻፍ ገንዘቡ በሚከፈልበት ጊዜ ባለቤት የሆነችውን ይመለከታል። ስለዚህ «ለባለቤቴ» በማለትና ስም በመጻፍ መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም።

በአሜሪካ ይኸው ጥያቄ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። አንድ የቦይንግ ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በ1994 ከተፋታ ከሁለት ወር በኋላ በመኪና አደጋ ሞተ፤ በቅጹ ላይ የቀረው የቀድሞ ሚስቱ ስም ነበር። የዋሽንግተን ግዛት ሕግ ፍቺ ተጠቃሚነትን ይሽራል ቢልም፣ ፍርድ ቤቱ በ2001 የሠራተኞች ጥቅማ ጥቅም የፌዴራል ሕግ የበላይ ነው በማለት ለቀድሞ ሚስቱ ወሰነ። በ2018 ደግሞ የሚኒሶታን ተመሳሳይ ሕግ ሕገ መንግሥታዊ ነው ብሎ አጸናና የሟች ልጆች ረቱ። በእነዚህ መዛግብት ውጤቱ የተመሠረተው ሟቹ በፈለገው ላይ ሳይሆን የትኛው ሕግ ይሠራል በሚለው ላይ ነበር።

ስለዚህ መፍትሔው ከሞት በኋላ የሟችን ልብ መገመት ሳይሆን በፍቺው ቀን መጠየቅ ነው። በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ደመወዝ የጋራ ሀብት ነው። ከደመወዝ አረቦን የተከፈለበት፣ ቁጠባ ያለው መድንም በንብረት ዝርዝሩ ሊገባ ይገባል። ዳኛው፣ ጠበቃውና የቤተሰብ ሽማግሌው «ቤት አላችሁ? ከብት አላችሁ?» ሲሉ «መድን አላችሁ? ተጠቃሚው ማን ነው?» ብለው ይጨምሩ። መልሱም በስምምነቱ ይጻፍ፤ ለመድን ሰጪውም በጽሑፍ ይድረስ።

ሕግ አውጪውም ዕድሉ አላለፈውም። የ2013ቱ የንግድ ሕግ የመድንን ክፍል ሳይነካ ለ1952ቱ ሕግ ትቶታል። ይህ ክፍል ሲሻሻል ስለ ፍቺ አንድ ግልጽ አንቀጽ ይኑረው።

እስከዚያው ግን ሥራው የእኛ ነው። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ፣ መድን ያላችሁ ሁሉ ቅጻችሁ ላይ የማን ስም እንዳለ ተመልከቱ።